ለጋሼ ያነበብኩለት ወረቀት

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከፈረቃ መልስ

ክሩ ዛሬ አሥራ ሰባት ጊዜ ተበጠሰብኝ። ካቦው መጥቶ አጠገቤ ተገተረ። ልብሽ የት ነው ያለው? አለኝ። ኬንያ ነው ልለው ምንም አልቀረኝ፤ ዋጥ አደረግሁት። እስከ ረቡዕ ነው፤ ልቻለው። ሐሙስ አውቶቡስ ላይ ነኝ። ይህን ፋብሪካ፣ ይህን የጥጥ ብናኝ፣ ይህን ካቦ ደህና ሰንብቱ ብያለሁ።

ደብተሬ፣ ስንት ወር እንደጠበቅሁ አንተ ታውቃለህ። መ/ር ታደሰና ባለቤታቸው ወ/ሮ በላይነሽ ከሞያሌ ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ቦረናዎች መካከል ወንጌል ሊያደርሱ ነው። ትንሽ ክሊኒክ፣ ትንሽ ትምህርት ቤት። እሳቸው ይሰብካሉ፤ እሷ ቁስል ታክማለች። ቋንቋው ግን የለም። እኔ አቃቂ ተወልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ እየተሰዳደብኩ ያደግሁ ነኝ። ያለ አንቺ ዲዳዎች ነን ይሉኛል። ቃል ገብቻለሁ። አራት ዓመት።

አንድ ነገር ቀረ፤ ዋስ። የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠው ጸሐፊ፣ ደመወዝ ያለው የሥጋ ዘመድ ይፈርምልሽ አለ። ወረቀቱ፣ በአንድ ዓመት ካልተመለሰች ዋሱ ቀርቦ ይጠየቃል፣ እስክትመጣም ይታሰራል ይላል። በዓመቱ እንደማልመለስ እኔም መ/ር ታደሰም እናውቃለን። እሳቸው፣ ወንድምሽ አውቆ ከወደደ ምን ችግር አለው፣ ያኔ ይራዘማል ይላሉ። አውቆ ከወደደ!

ደመወዝ ያለው ዘመድ አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ በየነ። የባቡሩ ሐዲድ መንገዱን የሚያቋርጥበት ላይ ማገጃውን የሚያወርድና የሚያነሳ። እናትና አባታችን ሲሞቱ እኔ አምስት ዓመቴ፣ እሱ ሃያ ሁለት። ሳያገባ ቆየ፤ ሳያገባ ቀረ። እኔን ትምህርት ቤት አስገባ። ራሱ ግን አንዲት ፊደል አይለይም። ከማርያም ማኅበር አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። እኔ ጸሎት ቤት መሄዴን የሰማ ጊዜ ሁለት ወር አኮረፈኝ። አሁንም «ያንቺ ሰዎች» ነው የሚላቸው። ኬንያ ብለው በፍጹም አይፈርምም።

ነገ እጠይቀዋለሁ። 

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። አመሻሽ

ፈረመ።

እንዴት እንደፈረመ ልጽፈው ነው። ዲላ አልኩት። ሲዳሞ ጠ/ግዛት፣ ዲላ ሆስፒታል፣ የድሬሰር ትምህርት፣ ሦስት ወር። ሰሞኑንም ይህንኑ ስነግረው ነበር፤ ዛሬ ወረቀት አለው ብዬ አቀረብኩለት። ደስ ብሎት ከመቀመጫው ተነሳ። ድሬሰር! እሰይ የኔ ልጅ! ነጭ ጋዋን ልትለብሺ ነው!

ምስክር ያስፈልጋል። ጋሽ ሸምሱን ከሱቃቸው ጠራናቸው። ስልጤ ናቸው፤ በዓረብ ፊደል ይፈርማሉ፣ አማርኛውን አያነቡም። ጋሼ፣ ለባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ባሳየው ይሻላል መሰለኝ ሲል ጋሽ ሸምሱ ሳቁበት። ቤትህ አንባቢ አስቀምጠህ ሰው ታስቸግራለህ? እሷ ካነበበችው በቃ፣ አሉ።

አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ኬንያ የሚለውን ዲላ አልኩ። አንድ ዓመት የሚለውን ሦስት ወር። ይታሰራል የሚለው መስመር ላይ ዓይኔ ዘለለ። ኧረ ውሸት! ዓይኔ ምን አደረገ፤ የዘለልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ፣ ሌላ የለውም? አለ። የለውም አልኩ።

ተነስቶ እጁን ታጠበ። ለመፈረም እጁን የሚታጠብ ሰው አይቼ አላውቅም። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። ሁለት ቅጂ ነው፣ ሁለቱም ላይ። የተረፈውን ቀለም ፀጉሩ ላይ ጠረገ። ማኅተሙ ላይ አንበሳውን ሲያይ ወረቀቱን አንስቶ ሳመው። የሱን ቅጂ አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ? ማንበብ ለማያውቁ ሰዎች ቃሉን ላነብላቸው የምሄድ ሰው!

ግን ደግሞ ባልዋሸው አልሄድም ነበር። ባልሄድ እነዚያ ሰዎች በየሜዳው ያለ መድኃኒት ያልቃሉ። ጌታ ያውቃል። ያውቃል ስል ራሱ ፊቴ ጋለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 11 ሰዓት

ወረቀቱ ገባ፣ ፈቃዱ ከሱ ጋር ተያይዞ ወጣ። ጸሐፊው ቀና ብሎም አላየኝ።

ጸሎት ቤት ተሸኘን። እጅ ጫኑብን፣ አለቀሱልን። መ/ር ታደሰ ተነስተው፣ ወንድሟ ኦርቶዶክስ ሆኖ ሳለ አውቆ ፈርሞላታል፣ ይህ የጸሎት መልስ ነው አሉ። ሃሌ ሉያ ተባለ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ወ/ሮ በላይነሽ አየችኝ መሰለኝ። ምን ሆነሽ ነው የምታቀረቅሪው አለችኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኳት። ውሸት ልጅ ይወልዳል ይባል የለ! ይኸው ወለደ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ዝዋይ፣ ምሳ ላይ

አውቶቡሱ ከከተማ መጥቶ አቃቂ ላይ ጫነን። እኔ መስኮት ዳር፤ መ/ር ታደሰ ከፊቴ፤ ወ/ሮ በላይነሽ አጠገቤ። ገና ከመነሳታችን ማገጃው ወረደ። የድሬዳዋው ባቡር ሊያልፍ ነው። ቆምን።

ጋሼ ቀይ ባንዲራውን በብብቱ ይዞ እየሮጠ መጣ። በሶና ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ከረጢት ሙሉ፣ በመስኮት ሰጠኝ። መ/ር ታደሰን አየ፤ መንገዳቸው በዲላ ስለሆነ አብረን እንደምንጓዝ ነግሬው ነበር። ስማቸውን ጠርቶ የማያውቅ ሰው ባርኔጣውን አወለቀላቸው። መምህር፣ እናት አባት የላትም፣ ያለኋት እኔ ነኝ፣ አደራዎን አለ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው አደራዬ ነው አሉ።

ከዚያ ጋሼ ፈቃድ እንደጠየቀ ነገረን። ለገና ሊጠይቀኝ ይመጣል። መ/ር ታደሰ ሳቅ ብለው፣ አቶ በየነ፣ አገሩ እኮ ሩቅ ነው አሉት። ዲላ ምን ሩቅ ነው! አለ ጋሼ። እስከ ሞጆ በባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ።

ባቡሩ ደረሰ። በጩኸቱ መካከል ሰው አይሰማማም። መ/ር ታደሰ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። አቤት አስተያየታቸው! ባቡሩ አለፈ፤ ጋሼ ሮጦ ማገጃውን አነሳ። ስናልፍ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠኝ፣ እየሳቀ።

ሞጆ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወ/ሮ በላይነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መ/ር ታደሰ ግን፣ ተመለሺ የሚል ቃል ስጠብቅ፣ ማዶ ከተሻገርን በኋላ እንጽፍለታለን አሉኝ። አምስት ዓመት ለዚህ መንገድ እንደጸለዩ ነገሩኝ። ወንጌል ዋጋ ያስከፍላል አሉ። ከፋዩ ማን ነው? ብዬ ጠየቅኋቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ከኋላችን የተቀመጠው ቡና ነጋዴ አፍጥጦ ያየን ጀመር።

እሳቸው ምሳ አልበሉም። እኔም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ዲላ ስንገባ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ያደርነው ሻሸመኔ ነው። ትኋን በልቶኝ አደረ። ዛሬ ኅዳር ሚካኤል፤ አቃቂ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ከምሮ እያቃጠለ ነው። ጋሼ ጭሱ ውስጥ እያሳለ ይታየኛል።

ዛሬ የሆነውን ልንገርህ። ከሻሸመኔ አንዲት ሽማግሌ ተሳፈሩ፣ እማማ የሺ ይባላሉ። እንደተቀመጡ፣ አንቺ ልጅ ፊደል ትለያለሽ? አሉኝ። አዎ ስል ከመቀነታቸው ደብዳቤ ፈትተው ሰጡኝ። ዲላ ካለው ልጃቸው ቤት የተጻፈ ነው። ከመጀመሬ በፊት ክንዴን ያዙ። ያለውን ብቻ ነው የምታነቢልኝ አሉ። ዲያቆኑ፣ ልጅዎ ታሞ ነበር ድኗል ብሎ አነበበላቸው። አንድ ወታደርም እንዲሁ። ከዚያ የጎረቤት ተማሪ፣ ታሟል፣ ቶሎ ድረሱ ነው የሚለው አላቸው። እኔ አራተኛ ነኝ።

ደብዳቤው፣ በሕይወት ሊደርሱበት ከፈለጉ ነገ ዛሬ ሳይሉ ይምጡ ይላል። አነበብኩት፣ እንዳለ። እማማ የሺ አላለቀሱም። ተነስተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ተቀመጡ።

ሁለቱ እኮ አዝነውልዎት ነው አልኳቸው፣ ለማጽናናት ብዬ። ዞረው አዩኝ።

«እኔ አዘኑልኝ አላልኩም። ፊደል የሌለው ሰው ሞኝ አይደለም፣ ልጄ። አንዱን አንባቢ በሌላው ይፈትናል። በደስታ ልቤን ሞልቼ ሬሳ ላይ ብደርስ ማን ይችልልኝ ነበር?»

ዲላ ሲወርዱ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣ እግዜር ይስጥሽ አሉኝ።

ያ ቅጂ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ጋሼን አውቀዋለሁ። ድሬሰር ልትሆን ነው ብሎ ይዞት ይወጣል፤ ለጣቢያው ጸሐፊ ያሳየዋል። ዛሬ፣ ነገ። ምናልባት ትናንት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ዲላ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ይኸው ዲላ። ቡና የተሰጣበት ሜዳ፣ ቆርቆሮ ጣራ፣ ጭቃ። ሆስፒታሉንም አየሁት። ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ባልዲ ይዛ ወጣች። እኔ ነኝ ብዬ ለጋሼ የሸጥኳት ልጅ። ጥርስ የማይገልጥ ሳቅ ሳቅሁ።

ደብዳቤ ልጽፍለት ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። «ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ» እና ቀጥ። ማን ያነብለታል? የጣቢያው ጸሐፊ፣ ሠራተኛው ተሰብስቦ እየሰማ? ያሳደግሃት እህትህ አታልላሃለች፣ ፊትህ ቁጭ ብላ ዋሽታሃለች የሚለውን ከሰው አፍ ይስማው? ቀደድኩት።

ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ወደ ሀገረ ማርያም።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ያቤሎ፣ ከሰዓት

መንገድ ተብዬው ድንጋይ ብቻ ነው። ጎማ ሁለት ጊዜ። ወ/ሮ በላይነሽ አስታወከች፤ በሶ በጥብጬ አጠጣኋት። መ/ር ታደሰ ከሐሙስ ጀምሮ ከሰላምታ በቀር አያነጋግሩኝም።

ያቤሎ የውኃ ጉድጓዱ ዳር አንዲት ቦረና እናት ሕፃን ታቅፋ። ዓይኑ አብጦ፣ ዝንብ ወርሮት። ነጋ ቡልቴ፣ ደህና አደርሽ ወይ? አልኳት፤ ፊቷ በራ። አነጋገራቸው ከአቃቂው ራቅ ቢልም ይገባኛል፤ ትሰማኛለች። ወ/ሮ በላይነሽ ዓይኑን አጥባ ቅባት አደረገችለት፤ እኔ በቀን ስንቴ እንደሚደረግ አስረዳሁ። ሌሎች እናቶች መጡ። አሥር፣ አሥራ አምስት። አንዷ እጄን ይዛ፣ ነገም አላችሁ? አለችኝ። ለዚህ ነው የተፈጠርኩት። ደብተሬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መ/ር ታደሰ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አየሽ? አሉኝ፣ ለስለስ ብለው።

አየሁ። ግን ጋሼም ይታየኛል፤ አንዱን ሳይ ሌላው አይጠፋልኝም እኮ! መ/ር ታደሰ ጨካኝ ሰው አይደሉም። ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ሞያሌ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ግራር ሥር

ትናንት ማታ ገባን። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ጋሼ ትናንት ጀምሯል፣ እስከ 9 ሰዓት ውኃ አይቀምስም።

ኬላው ጠዋት ተከፈተ። ጠረጴዛ፣ ማኅተም፣ በግድግዳው የጃንሆይ ፎቶግራፍ፣ እንቅልፉ ያልለቀቀው ሹም። መ/ር ታደሰ ገቡ፣ ወጡ። ወ/ሮ በላይነሽ ገባች፣ ወጣች። የእነሱ ዋስ የእሷ አባት ናቸው፤ አራት ዓመቱን አውቀው ፈርመዋል።

እኔ ገባሁ። ሹሙ ወረቀቱን አነበበ። ጮክ ብሎ! ቃል በቃል፣ ጣቱን እያስከተለ። ዋስ፣ አቶ በየነ። ወንድምሽ ነው? አዎ። ፊርማው የጣት ነው፣ ተነብቦለታል? በዓመቱ ትመለሻለሽ? አለኝ። ለሁሉም የሚጠይቀው ነው፤ መልሱን ሳይጠብቅ ማኅተሙን አንስቷል። አዎ የምትል ቃል ብቻ። ከበሩ መ/ር ታደሰ እያዩኝ ነው። ከበሩ ማዶ መንገዱ፣ ከመንገዱ ማዶ ኬንያ፣ ፍየሎች እየተሻገሩ።

አልመለስም አልኩ። አራት ዓመት ነው። ለወንድሜም አልተነበበለትም።

ማኅተሙ አየር ላይ ቀረ። ሹሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? አለኝ። እኔም እሱን ነው የማላውቀው አልኩት። በዚህ ወረቀት አታልፊም አለ፤ ፈቃዴን ሰረዘና መለሰልኝ። አልተቆጣም። ይልቅ ውኃ ስጧት አለ። ገርጥቼ ነበር መሰለኝ።

መ/ር ታደሰ አጥሩ ሥር ቁጭ አሉ። እጃቸው ጭንቅላታቸው ላይ። አንድ ቃል ነበር እኮ የቀረሽ፣ አሉኝ። አዎ፣ አንድ ቃል። ከዚህ በፊትም አንድ ቃል ነበር፣ ዲላ የምትል። ይህን አላልኳቸውም። ይቅርታ ብቻ አልኩ። ሞያሌ ላይ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ፤ ካልተገኘ በምልክት ይጀምራሉ። ሻንጣቸውን አንስተው እጄን ሳይጨብጡ ሄዱ። ወ/ሮ በላይነሽ ተመልሳ ሮጣ አቀፈችኝ። ቆይ ይበርድለታል አለችኝ። ሂጂ ለወንድምሽ አንብቢለት፤ እኛ እዚያው ነን።

እያለቀስኩ ነው የምጽፈው። ቆዳ የጫነ ካሚዮን ነገ ወደ ሻሸመኔ ይሄዳል አሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። መንገድ

ይሸታል። ቆዳ፣ ናፍታ። ስንቅ አልቋል። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ጋሼን ይዘውት ይሆን እላለሁ፤ ሞኝነት ነው፣ ዓመቱ ገና ነው። የምፈራው እስሩን አይደለም። አውቆ ቢጠብቀኝስ? ፊቱን ቢያዞርብኝስ?

እሑድ፣ ኅዳር 21። አቃቂ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጽዮን ማርያም ናት። ስደርስ ቤቱ ዝግ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው አይተውኝ፣ ምነው፣ ትምህርቱ እንዲህ አጭር ነው እንዴ? አሉኝ። ይምጣና እነግራችኋለሁ፣ እርስዎም ምስክር ነዎት አልኳቸው። ሳቃቸው ጠፋ።

ጋሼ በነጭ ጋቢው ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ሲያየኝ ክንዱን ዘረጋ፤ ፊቴን ሲያይ ክንዱ ወረደ። ታመሻል? አይ። አባረሩሽ? አይ። ያን ወረቀት አውጣልኝ፣ አሳስቼ ነው ያነበብኩልህ፣ አሁን ያለውን አነብልሃለሁ አልኩት። ያን ጊዜ ያልተንቀጠቀጠው ድምፄ ዛሬ ተንቀጠቀጠ።

ቅጂውን ለማንም አላሳየም። እንዳጠፈው ነው።

አነበብኩ። ኬንያ። አንድ ዓመት። ይጠየቃል። ይታሰራል። ጋሽ ሸምሱ፣ ያ ረቢ! ብለው ግንባራቸውን ያዙ። ጋሼ፣ ድገሚው አለኝ። ደገምኩት። አንዴ ደግሞ አለኝ። ሦስተኛውን ስጨርስ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ጋዜጣም፣ ደብዳቤም፣ የደመወዝ ወረቀቴንም ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ነው ያነበብኩልህ አልኩ። በምን አውቃለሁ? አለኝ።

ወጥቶ ሄደ። የእረፍት ቀኑ ነው፤ ማገጃው ጋ ሄዶ ቆሟል፣ ከዚህ ይታየኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25። ጠዋት

አራተኛ ቀን። አይናገረኝም። ሽሮዬን ይበላል፣ ይወጣል። ፋብሪካው መልሶ ተቀበለኝ፤ ካቦው ኬንያን ሰምቷል፣ ያላግጥብኛል። ያላግጥ። ፈቃዱን መልሼ አስገብቻለሁ፤ ዋስትናው ተሰርዟል፣ ጸሐፊው ፈርሞልኛል። ለጋሼ ነገርኩት። ሰማ አልሰማ እንጃ።

እሑድ፣ ኅዳር 28። ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬ ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ደብተርና እርሳስ ገዝቶ ገባ። ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ተቀመጠ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጣቱ እንደ ሐዲድ ብሎን የጠነከረ።

አስተምሪኝ አለኝ። ገና አኩርፎ ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

ያንቺን ሰዎች አልወዳቸውም አለ። ማዶ ያሉት በሽተኞች ግን ምን አደረጉኝ? እንደገና ወረቀት አምጪ፣ ራሴ አነበዋለሁ። ከወደድኩት በስሜ እፈርማለሁ፣ በጣት የለም። ከእንግዲህ ለኔ ማንም አያነብልኝም። ካልወደድከውስ? አልኩት። ካልወደድኩትማ አልፈርም! አለ፣ ጠረጴዛውን መትቶ። ያን ጊዜ እንደ ሰው ጠይቂኝና እንደ ሰው እንጣላለን።

ለወ/ሮ በላይነሽ ጻፍኩ። ወንድሜ አንብቦ የፈረመ ቀን እመጣለሁ፣ ከዚያ በፊት አልመጣም። ስድስት ወር ይሁን ሁለት ዓመት አላውቅም። ያቤሎ ያለችው እናት ዓይኔ ላይ ትመጣለች፤ ያመኛል። ግን ቁርጤን አውቄአለሁ።

ሀ ሁ ሂ ብለን አራተኛው ላይ እርሳሱ ተሰበረ። እየቀረጽኩለት ሳለ ይህን ደብተር አየ። ምንድነው ሁልጊዜ የምትጽፊው? ያደረግሁትን ሁሉ አልኩ። ዋሽተሽኝ ያነበብሽውንም? አዎ፣ እሱንም። ብዙ ሳያስብ፣ ይሄንንም አንድ ቀን አነበዋለሁ አለ።

ያንብበው። አንድ ገጽ አልቀድም።